ቀለሙና ካቡ

ማናሮላን በፎቶግራፍ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በሊጉሪያ ጠረፍ፣ በጥቁር ዓለት ላይ ተነባብረው የቆሙ ሮዝ፣ ቢጫና ቀይ ቤቶች፤ ከግርጌያቸው ባሕር። ሥዕሉ በቀን መቁጠሪያ ላይ ይታተማል፤ በጉዞ ወኪሎች መስኮት ላይ ይለጠፋል። የሚነሣውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከአንድ ሥፍራ ነው፤ ፑንታ ቦንፊሊዮ ከሚባለው፣ ከመንደሩ ፊት ለፊት ወደ ባሕር ከገባው የምድር አፍንጫ። የመንደሩ መካነ መቃብርም የሚገኘው እዚያው ነው። ጎብኚው ካሜራውን ደግኖ ሲቆም፣ ቤቶቹን ለሠሩት ሰዎች ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ነገሩ አጋጣሚ ቢሆንም፣ የአካባቢውን አጎበኛኘት በሚገባ ይገልጸዋል።

ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ በአንድነት ቺንኩዌ ቴሬ፣ ማለትም «አምስቱ ምድሮች» ይባላሉ። የጉዞ መጻሕፍት «የዓሣ አጥማጆች መንደሮች» ሲሉ ያስተዋውቋቸዋል። በጨው የሚታወቀው የሞንቴሮሶ ትናንሽ ዓሣ እውነት ነው፤ የቬርናዛም ወደብ እውነት ነው። ዳሩ ግን ማናሮላ ጀልባዎቹን የሚያሳርፍበት ሰፊ ወደብ ስለሌለው ከውኃ አውጥቶ በዋናው መንገድ ዳር ይደረድራቸዋል። ኮርኒሊያማ ከባሕሩ በላይ አንድ መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብላ በኮረብታ ጫፍ የተቀመጠች ናት፤ ከባቡር ጣቢያው ወደ እርሷ የሚያወጣው ደረጃ ብቻ ከ370 በላይ መረገጫ አለው። አስጐብኚዎች «ዓሣ አጥማጁ ቤቱን ከሩቅ እንዲለይ በየቀለሙ ቀባው» የሚሉት ተረት ለጆሮ ይጥማል። ታዲያ ወደብ የሌላት ኮርኒሊያ በቀለም ያሸበረቀችው ለማን ምልክት ለመስጠት ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጥ አስጐብኚ እምብዛም የለም።

የእነዚህ መንደሮች ሰው በዋነኛነት ገበሬ ነበር። የሚተክለው ወይን ነው፤ የሚተክልበት መሬት ግን አልነበረውም። ቁልቁለቱ አፈር አይዝምና መሬቱን ራሱ መሥራት ነበረበት። ድንጋዩን ፈልጦ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ካበው፤ ከካቡ ጀርባ አፈር ሞላ፤ በአፈሩ ላይ ወይን ተከለ፤ ከዚያም በላይ ሌላ ካብ ጀመረ። ይህ ሥራ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀጥሏል። መጻሕፍቱ የካቦቹን ርዝመት ከቻይና ታላቁ ግንብ ጋር ማወዳደር ይወዳሉ። ውዳሴው ግን ነገሩን ያሳስታል፤ የቻይናውን ንጉሥ አዝዞታል፣ ሠራዊት ጠብቆታል። ይህን ግን ያዘዘ የለም፤ የእያንዳንዱ ቤተሰብ እጅ በየዓመቱ የፈረሰውን እየጠገነ ያቆመው ነው። ደረቅ ካብ ውኃ በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው። ድክመቱም እዚሁ ነው፤ አንድ ድንጋይ ሲወድቅ የሚመልሰው ሰው ይፈልጋል።

ጥሩ ዓይን የነበራቸው ሰዎች ይህን አልሳቱትም። የፍሎረንሱ ሠዓሊ ቴሌማኮ ሲኞሪኒ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ሪዮማጆሬ ደጋግሞ ተመላልሷል። የሣለውም የመንደሩን ጣሪያዎች፣ ጠባብ መተላለፊያዎችና የመንደሩን ሰዎች ነው። ከሞተ በኋላ የታተመ ማስታወሻም ስለ መንደሩ ትቷል። በ1975 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኤውጄኒዮ ሞንታሌ ደግሞ የልጅነት የበጋ ወራቱን ያሳለፈው በሞንቴሮሶ በነበረው የቤተሰቡ ቤት ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመጀመሪያ የግጥም መድበሉ ውስጥ የዛሬውን የፖስታ ካርድ የሚፈልግ አንባቢ ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚያገኘው የቀትር ንዳድ፣ የደረቀ ምድርና ካብ ነው። ባሕሩም ቢሆን አጥንት የሚተፋ ባሕር ነው። ሞንታሌ የሚያምረውን መልክአ ምድር ጠልቶ አይደለም፤ ከማስዋብ ተቆጥቦ ነው። የቱሪዝም ጸሐፊዎች ስሙን እየጠሩ ዓይኑን አለመውረሳቸው ያሳዝናል።

ገበሬው ካቡን የተወው ግን በጎብኚው ምክንያት ብቻ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ1869 እ.ኤ.አ. በጎረቤት ከተማ በላ ስፔዚያ የባሕር ኃይሉ የመርከብ ሥራ ግቢ ተከፈተ፤ በ1874 እ.ኤ.አ. የባቡሩ ሐዲድ መንደሮቹን ከከተማ አገናኘ። ወርኃዊ ደመወዝ የቀመሰ ወጣት ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ገደል አይመለስም። ቱሪዝሙ ደርሶ ጅምሩን አጠናቀቀው። አራት ሺህ ያህል ነዋሪ ወዳላቸው መንደሮች በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ሲመጣ፣ አንድ ክፍል ማከራየት ከአንድ የወይን እርሻ ይልቅ ያበላል። ይህን የመረጠውን ሰው ማን ይወቅሰዋል?

ዩኔስኮ በ1997 እ.ኤ.አ. ሥፍራውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያየው ይህንኑ ሰው ሠራሽ ምድር ነው፤ የመዘገበው እንደ ባህላዊ መልክአ ምድር እንጂ እንደ ውብ ቤቶች ስብስብ አይደለም። የኮንሶ እርከኖችም በ2011 እ.ኤ.አ. የገቡት በዚሁ መደብ ነው፤ ኮንሶን ያየ ሰው የሊጉሪያን ካብ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

በዚያው 2011 እ.ኤ.አ.፣ ጥቅምት 25 ቀን፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የወረደ ከባድ ዝናብ በቬርናዛና በሞንቴሮሶ ላይ ጭቃና ድንጋይ ናደ። በቬርናዛ ሦስት፣ በሞንቴሮሶ አንድ ሰው ሞተ። የቬርናዛ ዋና መንገድ በሜትሮች ከፍታ ባለው ደለል ተሞላ፤ ባለቀለም ቤቶች እስከ አንደኛ ፎቅ ተቀበሩ። ያን ያህል ዝናብ የተጠበቀውንም ካብ ሊጥል ይችል ነበር። ሆኖም ለዓመታት ሳይጠገን የቆየው እርከን ለውኃው ድንጋይ አቀበለው። ቀለሙንና ካቡን ለያይቶ ማየት ምን እንደሚያስከፍል ከዚያ ቀን የበለጠ የገለጠ የለም።

መንደሮቹ ቆሻሻቸውን ጠርገው እንደገና ቆመዋል፤ ጎብኚውም ተመልሷል። በሪዮማጆሬና በማናሮላ መካከል በገደሉ ወገብ ላይ የተጠረበው «የፍቅር መንገድ» በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለት ወድቆ አራት ጎብኚዎችን ካቆሰለ በኋላ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በጋ ተከፍቷል። አሁን የሚገባበት ሰዓት አስቀድሞ ተይዞና ተከፍሎበት ነው። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ለማይሞላ መንገድ የወጣው ገንዘብና ድካም ብዙ ነው፤ የካብ ሥራ ዕውቀት ግን በ2018 እ.ኤ.አ. በስምንት አገሮች ስም በማይዳሰስ ቅርስነት ቢመዘገብም፣ ምዝገባ ብቻውን ድንጋይ አያነሣም።

ለጎብኚው ሌላ መንገድ አለ። ከማናሮላ ጀርባ ወደ ቮላስትራ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ በወይኑ መካከል ያልፋል። አቀበቱ ያደክማል፤ የሚሸጥ ነገርም የለበትም። በመስከረም ወር የወጣ ሰው ግን ባለ አንድ ሐዲድ ትንሽ ጋሪ ወይን ጭና በካቦቹ ላይ ቀስ እያለች ስትንፏቀቅ ያያል። ከዚያ ወይን የተወሰነው በጥላ ሥር ለሳምንታት ደርቆ ሻኬትራ የሚባል ጣፋጭ መጠጥ ይወጣዋል። ጠርሙሱ ትንሽ፣ ዋጋው ውድ ነው፤ ድንጋዩን የሚሸከሙት እጆችም በየዓመቱ ያረጃሉ።