ሌባ ሻይና አጉሊ መነጽር፤ በፎረንሲክ ሳይንስ መግቢያ ትምህርት ላይ የቀረበ ሒስ
ፎረንሲክ ሳይንስ ማለት የተፈጥሮ ሳይንስን ዘዴ ለፍርድ ሥራ ማዋል ማለት ነው። ይህ ትምህርት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ በመግቢያነት ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ከሬሳ፣ ከደም ጠብታና ከጣት አሻራ ይጀምራል። ቀጥሎም የላቦራቶሪው መሣሪያ በየተራው ይዘረዘራል። አቀራረቡ የተማሪውን ስሜት እንደሚስብ አንክድም። ነገር ግን ለሳይንሱ መሠረት የሆነውን ጉዳይ፣ ይኸውም የመዝገብንና የማስረጃ አያያዝን ነገር፣ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ይገፋዋል የሚል እምነት አለን። ይህንን እምነታችንን በላስታ ምድር በደረሰ አንድ የታወቀ ነገር ለማስረዳት እንሞክራለን።

በላሊበላ በቤተ መድኃኔ ዓለም የሚገኘው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) ተሰረቀ። ካገር ወጥቶ በአንድ የቤልጅግ አገር ጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ከተገኘ በኋላ በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) ወደ አገሩ ተመለሰ። ነገሩ በደስታ ስለ ተፈጸመ ብዙ ሰው ከዚህ አልፎ አይጠይቅም። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እናቀርባለን፤ የመግቢያውን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ተማሪ በዚህ ነገር መርማሪ ሆኖ ቢላክ ምን ይጠቅም ነበር?

ተማሪው አስቀድሞ የሚያስታውሰው የኤድሞን ሎካርን ሐሳብ ነው። እኚህ ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1910 በሊዮን ከተማ የፖሊስ ላቦራቶሪ ያቋቋሙ ሲሆኑ፣ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ ምልክት ይተዋል የሚለው መሠረተ ሐሳብ በስማቸው ይጠራል። ሐሳቡ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አፍሮ አይገባ ምእመናን የሚሳለሙት፣ ቀሳውስቱም ሕመምተኛውን የሚዳስሱበት መስቀል ነው። በገና በዓል ከየአገሩ ወደ ላሊበላ የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ሰው በዚህ መስቀል ላይ ስንት እጅና ስንት ከንፈር እንደሚያርፍ ይገምታል። ከመስቀሉ ላይ የተነሣ አሻራ ባለቤቱ መዳሰሱን እንጂ መስረቁን አያስረዳም። ጥቂት ሰዎች ብቻ ከሚገቡበት ከዕቃ ቤቱ በር፣ ከመዝጊያውና ከቁልፉ ላይ የሚገኝ ምልክት ግን የተለየ ዋጋ አለው። እንግዲህ የምልክቱ ኃይል የሚመነጨው ከቦታው ልማድ ነው፤ ይህንንም ከመሣሪያው ይልቅ ገበዙ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ባሕር ማዶ የተገኘው መስቀል ያ የጠፋው መስቀል ራሱ መሆኑ በምን ይታወቃል? አፍሮ አይገባ መልኩ በካህናቱም በጎብኚዎችም ዘንድ የታወቀ ነው። ስሙ ያልገነነ የአንድ ገጠር ደብር መስቀል ቢሆንስ? ስለ አፍሮ አይገባ እንኳ 7 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወርቅ ነው እየተባለ በሰፊው ይነገራል። ለፍርድ ቤት ግን «ይባላል» አይበቃም፤ ክብደቱ በሚዛን፣ ቁመቱና ስፋቱ በመለኪያ፣ ጭረቱ፣ ብየዳውና የጎደለው ጉጥ በፎቶግራፍ ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ብረቱን ሳይቆርጡ የውስጡን ንጥረ ነገር በኤክስ ሬይ ፍሎረሰንስ መመርመር ይቻላል፤ ይኸውም ዘዴ በተለይ የላይኛውን ገጽ ስለሚያነብ፣ ወርቅ የተቀባውን ሁሉ ወርቅ ብሎ እንዳያሳስት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ከስርቆቱ በፊት የተጻፈ ማነጻጸሪያ ከሌለ የዚህ ሁሉ ምርመራ ውጤት የሚቆምበት መሬት የለውም።

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ንብረት በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ሲጻፍ ኖሯል፤ ገበዝ ሲለወጥም ንዋየ ቅድሳቱ በምስክር ፊት እየተቆጠረ ይረከባል። የፎረንሲክ መምህራን የማስረጃ ሰንሰለት የሚሉት ይህንኑ ርክክብ ነው። ቅርስ እንዲመዘገብ የሚያዘውም የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። «መዝገብ ሌባን አያግድም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እርግጥ ነው አያግድም፤ ነገር ግን የተሰረቀው ሲገኝ «የኔ ነው» ለማለት የሚያስችለው እርሱ ነው።

የመጨረሻው ነቀፌታችን ስለ ባለሙያው ቃል ነው። ቀድሞ ባገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተመራ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። አውጫጭኝም ነበር፤ በዚህኛው የአገሩ ሰው ተሰብስቦ የሚያውቀውን ይጠየቃል። አውጫጭኝ ሰውን በማጉላላቱ ቢነቀፍም ምንጩ የሰው ዕውቀት ስለ ሆነ ቃሉ በቃል ሊመረመር ይችላል። የሌባ ሻዩን ልጅ ግን «በምን ዐወቅህ?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ዛሬ ባለሙያው «ይመሳሰላል» ሲል ዳኛው ሳይጠይቅ የሚቀበል ከሆነ፣ አጉሊ መነጽሩ ከሌባ ሻይ በምን ይለያል? እ.ኤ.አ. በ2004 ከማድሪድ የባቡር ፍንዳታ ጋር በተያያዘ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ የአንዱን ሰው አሻራ የሌላ ነው ብሎ ንጹሕ ሰው አስሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ሪፖርትም ከዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ በቀር ብዙዎቹ ዘዴዎች ምልክትን ከአንድ ሰው ጋር በእርግጠኝነት ለማያያዝ ብቃታቸው በጥብቅ እንዳልተፈተነ ገልጧል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት እንዲህ እንዲሆን እናሳስባለን። ለተማሪው አንድ የእጅ መስቀል ይሰጠው፤ ይመዝን፣ ይለካ፣ ይሣል፣ ጭረቱን ይቁጠር፣ በፊርማም ያስረክብ። በሳምንቱ ጓደኛው ያንን ጽሑፍ ብቻ ይዞ መስቀሉን ከሌሎች አሥር መካከል ይለየው። መለየት ካልቻለ ጥፋቱ የጓደኛው ሳይሆን የመዝጋቢው ነው። የጣት አሻራውና የደሙ ነገር ከዚያ በኋላ ቢመጣ ይደርሳል።