የፍራንክፈርት ማድ ቤትና የልኬቱ ወሰን

የሳይንስ አስተሳሰብ የቤትን ውስጣዊ አከፋፈል እንዴት እንደሚለውጥ ለመመርመር ለሚሻ ሰው፥ ከታላላቅ አዳራሾች ይልቅ አንድ ጠባብ ማድ ቤት የበለጠ ያስረዳል። ይኸውም ኦስትሪያዊቱ አርክቴክት ወይዘሮ ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የነደፉት ነው። ወርዱ 1.9 ሜትር፥ ርዝመቱም 3.4 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በግምት 10,000 በሚሆኑ ቤቶች ውስጥ ተሠርቷል።

የአሳቡ ምንጭ ፋብሪካ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 ባሳተሙት መጽሐፍ የሠራተኛን እንቅስቃሴ በሰዓት እየለኩ ትርፉን ማስወገድ እንደሚገባ አስተማሩ፤ የአገራቸው ሴት ክሪስቲን ፍሬድሪክም ይህንኑ ዘዴ ወደ ቤት ሥራ አዛወሩት። የእኚህ ሴት መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ ተተረጐመ። ሊሆትስኪ ከዚህ ትምህርትና ከባቡር የምግብ ፉርጎ አሠራር ተነሥተው ምድጃውን፥ ማጠቢያውንና መክተፊያውን እንደ ሥራው ተራ ደረደሩ። የዱቄቱ መሳቢያ ትል እንዳይገባበት ከባሉጥ እንጨት ተሠራ፤ ሰማያዊው ቀለም ደግሞ ዝንብ ያርቃል ተብሎ የተመረጠ ነው። (የልማድ እምነት ከሰዓቱ ጎን ለጎን እንደ ገባ ልብ ይሏል።)

ልኬቱ ትክክል ነው፤ የተለካው ሰው ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት። ቀድሞ በብዙ የጀርመን ሠራተኞች ቤት ምድጃው በሚነድበት ክፍል ይበስላል፥ ይበላል፥ አልፎ አልፎም ይተኛል፤ አንዱ እሳት ምግቡንም ሰዉንም ያሞቅ ነበር። አዲሱ ንድፍ ማብሰልን ከኑሮ ለይቶ በግድግዳ ዘጋው። እናቲቱ ልጆቿን ትጠብቅ ዘንድ ወደ መኖሪያው ክፍል ተንሸራታች በር ተደረገላት፤ ነገር ግን በእናቷ አጠገብ ቆማ ሙያ ለምትማር ልጅ ስፍራ አልተገኘም። ለሁለት ሰው አይበቃም የሚለው ወቀሳም ትክክል ነው።

ጥበቱ ከገንዘብ ማነስ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ግማሽ እውነት አላቸው። ገንዘብ ማነሱ ክፍሉን ያጠብበዋል እንጂ ግድግዳውን አያስቆምም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተነሡት ሴቶች ተቺዎች ደግሞ ሴትን ለብቻዋ አገለላት ብለው ከሰሱት። ውጤቱን በትክክል አይተዋል፤ የነዳፊይቱን አሳብ ግን አጥብበውታል፤ ሊሆትስኪ የፈለጉት የቤት ድካም ቀሎላት ሴቲቱ ለውጭ ሥራና ለዕረፍት ጊዜ እንድታገኝ ነበር። የተቈጠበው ጊዜ ለማን እንደሚውል ግን ንድፉ ሊወስን አይችልም፤ ሰዓቱም ይህን አልለካም። የኋለኛው ዘመን ማድ ቤቶች ግድግዳውን ባፈረሱ ጊዜ እንኳ ተከታታዩን የሥራ ጠረጴዛ እንዳለ አቈዩት።