«ከሦስት ጉርሻ አንዱ» እና የቱሉ ዲምቱ ኑግ

ስለ ንብ የተጻፈ ነገር አንብባችሁ ከሆነ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሳታገኟት አትቀሩም፦ ከምንጎርሰው ሦስት ጉርሻ አንዱን የምናገኘው በንብ ነው። ፖስተር ላይ አለች፣ ፌስቡክ ላይ አለች፣ የፕሮጀክት ሰነድ የመጀመሪያ ገጽ ላይም አለች። አንዳንዴ ከጎኗ የአንስታይን ፎቶ ይለጠፍባታል፤ ንብ ከጠፋች ሰው ከአራት ዓመት በላይ አይኖርም ብሏል እየተባለ። አንስታይን እንዲህ ስለማለቱ በጽሑፎቹ ውስጥ ማስረጃ አልተገኘም፤ ስለዚህ እሱን እንተወው። የጉርሻዋ ነገር ግን እውነተኛ ጥናት የሚጠቀስለት ስለሆነ ቁጭ ብለን ልንመረምረው ይገባል።

እኔ በትምህርቴ ኢንጂነር ነኝ፤ የነፍሳት ተመራማሪ አይደለሁም። ቁጥር ሲሰጠኝ ግን «የምን ቁጥር? በምን ተካፍሎ?» ማለት ልማዴ ነው። ስለዚህ ቁጥሯን በምውልበት ሰፈር፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በራሴ ምሳ ላይ ሞከርኳት። (ቱሉ ዲምቱ ስል ባሌ ውስጥ ያለውን 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ ማለቴ አይደለም። የእኔው አቃቂ ቃሊቲ ያለው፣ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት ነው። ስሙ በአፋን ኦሮሞ ሁለቱም ጋ አንድ ነው፤ ቀይ ኮረብታ።)

ምሳዬ ሽሮ ነበር። ከእንጀራው እንጀምር። ጤፍ ንብ አያስፈልገውም። የአበባው ዱቄት እዚያው አበባው ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል። አበባው የሚከፈተው በማለዳ፣ ለአጭር ጊዜ ነው። ይህን ሰዓት ለይተው ጤፍን በእጅ ማዳቀል እንደሚቻል ያሳዩት ታረቀ በርሄ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ። ከዚያ በፊት አይቻልም ነበር የሚባለው። ዛሬ ገበሬው የሚያውቀው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያ የተገኘው በዚሁ በእጅ ማዳቀል ሲሆን፣ የወጣውም ከእኛ ብዙ ከማይርቀው ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ስንዴም በአብዛኛው እንደ ጤፍ ነው፤ በቆሎን የሚያገለግለው ደግሞ ነፋስ ነው።

ሽሮው? ሽምብራ ራሱን ይችላል፤ ምስርም እንደዚያው። ባቄላ ከተቀላቀለበት ንብ ትንሽ ድርሻ ይኖራታል፣ ምክንያቱም ባቄላ ያለ ንብም ያፈራል፣ ንብ ሲያገኝ ግን ይሻለዋል። በርበሬው ብዙም አይቸገርም። ሽንኩርቱ ራሱ ንብ አያስፈልገውም፤ የሽንኩርት ዘር ለማግኘት ግን ነፍሳት ግድ ናቸው። ከዚያ ዘይቱ አለ። የሚረጋው ዘይት ከሆነ ከፓልም የመጣ ነው። የእሱ አበባ አገልጋይ ደግሞ ንብ ሳትሆን አንዲት ትንሽ ነቀዝ መሰል ጥንዚዛ ናት። ማሌዥያዎች የፓልሙን አበባ በሰው እጅ ሲያዳቅሉ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1981 ጥንዚዛዋን ከካሜሩን አስመጧት። ዘይቱ የኑግ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ደምሩት። ከሦስት ጉርሻ አንዱ አልሆነም። እንደኔ ሽሮ በል ከሆናችሁ ከአሥር አንዱም መሙላቱን እጠራጠራለሁ።

ታዲያ ቁጥሩ በምን ይደገፋል? እ.ኤ.አ. በ2007 አሌክሳንድራ-ማሪያ ክላይን እና ባልደረቦቻቸው የ200 አገራትን መረጃ ይዘው በዓለም ዋና ዋና የሆኑ 115 የምግብ ሰብሎችን መረመሩ። ከእነዚህ ውስጥ 87ቱ ከንብና ከመሰሎቿ የሆነ ጥቅም ያገኛሉ። እነዚህ ሰብሎች አንድ ላይ ሲመዘኑ ከዓለም ምርት 35 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። በቃ፣ «ከሦስት አንዱ» ለሚለው ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ የሚቀርበው ይህ ቁጥር ነው።

ግን ልብ በሉ። 35 በመቶው የሰብሎቹ ሙሉ ምርት ነው እንጂ የንብ ድርሻ አይደለም። በምሳሌ ላስረዳ። በሰፈራችሁ ውጭ አገር ዘመድ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ ቁጠሩ። አንዱ ቤት ሙሉ በሙሉ ከውጭ በሚላክ ብር ይኖራል። ሌላው ለበዓል ብቻ ትንሽ ይደርሰዋል። እናንተ ግን የሁሉንም ቤት ሙሉ ገቢ ደምራችሁ «ይህ ሁሉ ከውጭ የተላከ ነው» አላችሁ። ከሦስት ጉርሻ አንዱ ማለት ይኸው ነው። ጥናቱ ራሱ እንዲህ አላለም፤ አጥኚዎቹ ሰብሎቹን በየደረጃቸው ለይተዋቸዋል። ያለ ንብና መሰሎቿ የማይሆንላቸው 13 ብቻ ናቸው፤ 21ዱ የሚጠቀሙት በጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአይፒቢኢኤስ (የመንግሥታት የብዝኃ ሕይወት ሳይንስ መድረክ) ግምገማም ድርሻውን ለይቶ ሲያሰላው ከዓለም የሰብል ምርት ከ5 እስከ 8 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ጃቡሪ ጋዙል የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ዋና ዋና እህሎቻችን በንብ ላይ የተንጠለጠሉ አይደሉም ብለው የ«ቀውስ» ወሬውን ሲሞግቱ ሌሎች ተመራማሪዎች መልስ ጽፈውባቸዋል። ክርክሩ አሮጌ ነው ማለት ነው። ፖስተሩ ላይ ያልደረሰው ክርክሩ ነው።

አሁን «በቃ፣ ንብ ለእኛ ምንም አይደለችም ማለት ነው?» ብላችሁ ከሆነ አትቸኩሉ። እኔ የምነቅፈው መለኪያውን ነው። 35ም ሆነ 5 ሁለቱም በኪሎ የተመዘኑ ናቸው። በኪሎ ሲመዘን አንድ ኪሎ ስንዴና አንድ ኪሎ ኑግ እኩል ነው፤ ከኑግ ጋር የተገኘ ሰሊጥ አብሮ ይወቀጣል እንደሚባለው። ወጥ ለሚሠራ ሰው ግን ዘይትና ዱቄት እኩል አይደሉም። ማንጎም ዱባም በሚዛን ሲታዩ ትንሽ ናቸው፤ ቫይታሚን ኤ ፍለጋ ለሚሄድ ሰው ግን ትንሽ አይደሉም። ዱባን ደግሞ ራሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ወንዴውና ሴቴው አበባ ለየብቻ ናቸው፤ ከሴቴዋ ሥር ገና ካሁኑ ትንሽ ዱባ የምትመስል እብጠት አለች። ከወንዴው ወደ ሴቴዋ ዱቄቱን የሚያደርስ ካልመጣ እብጠቷ ቢጫ ሆና ትረግፋለች።

ኑግ ደግሞ ከዱባም የባሰ ነው። አንድ የኑግ ተክል የራሱን የአበባ ዱቄት አይቀበልም። ከሌላ የኑግ ተክል መምጣት አለበት፣ አምጪዋ ደግሞ በዋነኛነት ንብ ናት። ኑግ የዚህችው አገር ልጅ ነው፤ ለማዳ የሆነው እዚሁ ነው። ገበሬው አንዳንዴ የጤፉን ወይም የሽምብራውን ማሳ ዙሪያ በኑግ ያጥረዋል፣ ምክንያቱም ከብት ለምለሙን ኑግ አይወደውም። አስቡት፤ ያ ቢጫ ድንበር አጥርም ነው፣ የዘይት ማሳም ነው፣ የንብ ግጦሽም ነው።

ያን ድንበር ሳነሳ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በመጀመሪያ ሥራዬ ላይ፣ ከተማ ዳር ለሚሠራ አንድ ግንባታ የቦታ ካርታ እንዳዘጋጅ ተሰጠኝ። ሕንፃና መንገድ የሌለበትን ሁሉ በግራጫ ቀለም ቀብቼ በመግለጫው ላይ «ባዶ መሬት» ብዬ ጻፍኩ። የማሳ ድንበሩም፣ የወንዙ ዳርም፣ መጭ የበቀለበት ጠርዝም ሁሉ ግራጫ ሆነ። ማንም አላረመኝም። ይኸው ዛሬም ያ ግራጫ ቀለም ያናድደኛል።

የሚያናድደኝ ለምን እንደሆነ በቀላል ስሌት ላሳያችሁ። የማር ንብ ከቀፎዋ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቃ ብትቀስም አይከብዳትም። በራዲየስ 2 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ 1,257 ሄክታር ገደማ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀፎ የሌላቸው ትንንሽ ንቦች ግን እንደዚያ አይርቁም። ጋትማንና ቻርንትኬ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት የጀርመን ጥናት፣ የለኳቸው ዝርያዎች ከፍተኛ ርቀት ከ150 እስከ 600 ሜትር ነበር። 300 ሜትር ብንወስድ ክቡ 28 ሄክታር ብቻ ነው። በዚያች ክብ ውስጥ ጎጆም፣ አበባም፣ ዓመቱን ሙሉ ተራ በተራ የሚያብብ ነገርም መኖር አለበት። የቱሉ ዲምቱን የኮንዶሚኒየም ብሎኮች በእግራችሁ አቋርጡና 300 ሜትር ስንት ብሎክ እንደሚሸፍን ቁጠሩ። እነዚህ ብሎኮች የቆሙት ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ይበቅልበት በነበረው የአቃቂ ጥቁር አፈር ላይ ነው። ቤት አያስፈልግም አላልኩም፤ እኔም የምተኛው እዚያው ነው። ግን በብሎኮቹ መሃል የቀረችው ቁራጭ መሬት ባዶ አይደለችም።

የእኛ አገር ነገር ከውጭ ጽሑፍ የሚለይበት አንድ ቦታም አለ። በአሜሪካ የማር ንብ ከአውሮፓ የመጣች፣ እንደ ከብት የምትረባ ናት፤ ስለዚህ እዚያ የሚጽፉ ሰዎች «የማር ንብን ተዉ፣ የዱር ንቦችን አስቡ» ይላሉ። ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ገልብጠው የሚያቀርቡልን አሉ። ለእኛ ግን የማር ንብም የዱር ናት። ገበሬው ቀፎውን በጥሩ ሽታ አጥኖ ዛፍ ላይ ይሰቅልና መንጋው ራሱ መጥቶ እስኪገባ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳምነጎርድ፣ ስለሺ ነሞምሳና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አበባን ማን እንደሚጎበኝ ሲያዩ፣ በብዛት ያገኟት ይህችኑ ከፊል ዱር የሆነች የማር ንብ ነው። መንጋውን የሚሰጠው ጫካው፣ ገደሉ፣ የቆየው ዛፍ ነው። ጣዝማስ? ጣዝማ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ውስጥ ነው። ማሯን ለመድኃኒት የምንፈልጋት ጣዝማ በግሬደር ከተጠረገ መሬት ላይ ሌላ ቀፎ ይሰጣት ብለን አናድናትም።

ለዚህ ነው ለወጣቶች ማኅበር ዘመናዊ ቀፎ አከፋፍሎ ፎቶ መነሳትን እንደ ጥበቃ መቁጠር የማይዋጥልኝ። አበባ በሌለበት ቀፎ ሳጥን ነው። (ደግሞ እባካችሁ ቀፎ በረንዳ ላይ እንዳታስቀምጡ። የእኛ ንብ ቁጡ ናት፣ ጎረቤትም አለ።) የችግኝ ቁጥርም እንደዚያው ነው። አረንጓዴ አሻራ እ.ኤ.አ. በ2019 ከተጀመረ ወዲህ ስንት ችግኝ እንደተተከለ በየዓመቱ እንሰማለን። እኔ መስማት የምፈልገው የትኛው ችግኝ በየትኛው ወር እንደሚያብብ ነው።

መሬትን ሰው አግልሎ ሳይሆን ለሰው ብሎ ማቆየት እንደሚቻል የሚታይበት ቦታ አለ። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ ያለችው አብርሃ ወአፅብሃ የተራቆተ ተራራዋን ከከብት ንክኪ ከለለች፣ እርከን ሠራች፣ ውሃው ተመለሰ፣ ሳሩና አበባው ተከተለ፣ የማር ምርቱም አደገ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት ልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማትን ተቀበለች። ብዙ ጊዜ የሚነገረን እስከዚህ ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ መሬት ሲከለል በመጀመሪያው ዓመት ማን ከፈለ? ከብቱን እዚያ ያሰማራ የነበረው፣ ማገዶ እዚያ ትለቅም የነበረችው። «ለማኅበረሰቡ» የሚል ቃል ስታነቡ የትኛው ማኅበረሰብ እንደሆነ ፈልጉ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ቢያንስ ሁለት አሉ፤ መሬቱን ያርሱ የነበሩትና አሁን ፎቁ ላይ የምንኖረው። ለአንዱ የወንዙ ዳር የልጆች መጫወቻ ነው፣ ለሌላው የመጨረሻው የከብት ሳር። ለሁለቱም ሳይነገር በአጥር የተዘጋ «አረንጓዴ ቦታ» ለንቧ ይበጃት ይሆናል፤ ጥበቃው ግን ሰው የለውም፣ አጥሩም አይቆይም።

የሰው ቁጥር ብቻ ስተች አልዋልኩም ለማለት ያህል፣ የራሳችሁን ቁጥር የምታገኙበትን መንገድ ልንገራችሁ። ኑግ በመስቀል ሰሞን አካባቢ ያብባል። ከብሎኮቹ ጀርባ ወይም ወደ ቂሊንጦ አቅጣጫ የኑግ ድንበር ያለው ገበሬ ካገኛችሁ፣ አስፈቅዱና ገና ያልፈኩ 30 እምቡጦች በክር ምልክት አድርጉ። አሥሩን በስስ የቱል ጨርቅ ሸፍኗቸው፤ ንብ እንዳትገባ። አሥሩን እንዳሉ ተዉ። የቀሩትን አሥር እንዳሉ ትታችሁ፣ በተጨማሪ ከሌላ፣ ራቅ ካለ የኑግ ተክል አበባ ቀጥፋችሁ በየማለዳው ቀስ አድርጋችሁ አሹባቸው። ሲደርቁ በየራሱ ላይ የሞላውን ፍሬ ቁጠሩ፤ የፎለለውን ለዩ።

የተሸፈነው ባዶ ቢሆን አትደነቁ፤ የኑግ ጠባይ ነው። ዋናው ማነጻጸር በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ነው። ክፍት የተተዉት በእጅ የተረዱትን ያህል ከሞሉ፣ በዚያች ድንበር ላይ ለጊዜው የንብ እጥረት የለም። በእጅ የተረዱት ሞልተው ክፍቶቹ ከጎደሉ ግን ኑጉ አበባውን ከፍቶ የጠበቃት ንብ በበቂ አልመጣችም። አሥር አሥር ራስ ትንሽ ናሙና ስለሆነ ብዙ እንዳትፎክሩበት፤ ጓደኞቻችሁን አስተባብራችሁ ከፍጥነት መንገዱ ዳር እስከ ወንዙ ዳር በአራት አምስት ድንበር ላይ ብትደግሙት ይሻላል። ለገበሬው ደግሞ ውጤቱን ሄዳችሁ ንገሩት፤ ኑጉ የእሱ ነው።