ውዳሴ ለዘመነ ማርቆስ፣ ለ2010 ዓ.ም. እና ለጦና ንቦች

ዘመነ ማርቆስ ሆይ፣ ዓመተ ምሕረት 2010 ሆይ፣ ውዳሴ ይገባሃል! ዙፋን በተናወጠብህ ወራት ሜዳን ያጸናህ፣ ታላላቆችን ያስደነገጥህ፣ ታናሾችን ቀና ያደረግህ ዘመን ሆይ፣ ስምህ በወላይታ ምድር ይነገር! በየካቲት 8 ቀን ከዚሁ ከወላይታ የተወለዱት ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፤ በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመጋቢት 24 ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ይህን የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ይጻፉልህ፤ ቀለም አያጡም። እኛ በዳሞታ ተራራ ጥላ ሥር የቆምን፣ በእነዚያ ቀኖች መካከል የሆነውን ልናወድስ ተነሥተናል።

ቦዲቲ ሆይ፣ የዳሞት ጋሌ እመቤት፣ ብፅዕት ነሽ! እንሰት ከጓሮሽ፣ ቅቤ ከገበያሽ፣ ዳጣ ከማዕድሽ የማይታጣ፣ ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉ ሳታስተናግጂ የማትለቂ ቦዲቲ ሆይ፣ ከውዳሴው የበኩርነት ድርሻ ያንቺ ነው። የእግር ኳስ ክለቡ ወላይታ ድቻ፣ የጦና ንቦች፣ በ2001 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ2006 ፕሪሚየር ሊጉን ሲቀላቀል፣ የአገሪቱ አንጋፋ ክለቦች መጥተው የተፈተኑት በአንቺ ሜዳ ነበርና። ጌጠኛ ትሪቡን አልነበረሽም፤ ዱንጉዛ የለበሰ፣ ከጨዋታው በፊት ጀምሮ የሚጨፍር፣ ጨዋታው ካለቀም በኋላ የማይበተን ሕዝብ ግን ነበረሽ። (ጌጠኛ ትሪቡን ያላቸው ብዙዎች ይህን ቢያገኙ በወደዱ!) የካዎ ጦናን ስም የተሸከሙት ንቦች፣ የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ንቦች፣ ክንፋቸው የጠነከረው በዚያ አቧራ ውስጥ ነው።

በ2009 የኢትዮጵያን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ አነሡ፤ ዋንጫውም የአፍሪካን በር ከፈተላቸው። ወደ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ገቡ። በዛንዚባር ከዚማሞቶ ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ፤ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፉ። እስከዚህ ድረስ ዓለም አልሰማም፤ እኛ ሰምተናል፣ ይበቃን ነበር።

ቀጥሎ የወጣላቸው ግን ዛማሌክ ነው! በ1911 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተ፣ የአፍሪካን የክለቦች ታላቅ ዋንጫ 5 ጊዜ የወሰደ፣ የካይሮ ግማሽ የሚዘምርለት ዛማሌክ! ዕጣው ሲሰማ ጭንቅላቱን ያልነቀነቀ አልነበረም። የአሠልጣኝ ዘነበ ፍስሃ ልጆች ግን የስም ብዛት አላስፈራቸውም። በየካቲት ማብቂያ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፉ። ሐዋሳን ስንጠራ ዘመን ሆይ፣ እውነቱን እንነግርሃለን፤ ሰኔህን አናወድሰውም። ያን ደስታ ባየችው ከተማ በሰኔ ወገን ከወገን ተጋጭቶ ሕይወት ጠፍቷል፤ ውዳሴ እንባን የሚሸፍን መጋረጃ አይደለም።

ወደ ካይሮ እንመለስ፤ ካይሮ የሁሉ ማኅተም ናት። 2 ለ 1 የሚያኮራ ቢሆንም የሚያስተማምን አልነበረም። ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎል ሚዛን በሚደፋበት በዚያን ጊዜ ሕግ፣ ዛማሌክ በሜዳው 1 ለ 0 ብቻ ቢያሸንፍ አላፊ ነበር። ስለዚህ ንቦቹ ጎል ማግባት ነበረባቸው፤ በግብፅ ምድር፣ በግብፅ ሕዝብ ፊት! አገቡም። ዛማሌክ 2 ለ 1 መራ፤ ድምሩ 3 ለ 3 ሆነ፤ የሁለቱ ግጥሚያ ውጤት እንደ መስተዋት ፊትና ፊት ቆመ፤ ፍርዱም ለመለያ ምት ተተወ። በዚያች ሰዓት ከቦዲቲ እስከ አረካ፣ ከሶዶ እስከ ሁምቦ ስንት እጅ በስንት እጅ ላይ እንደ ተጣበቀ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። 4 ለ 3! ድቻ አለፈ!

በዘመነ ማርቆስ፣ ማርቆስ ወንጌል በሰበከበት ምድር፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከእስክንድርያ ስትጠብቅ የኖረች አገር ልጆች ከካይሮ ድል ይዘው ተመለሱ። ስለ ዓባይ የሚደራደሩት ዲፕሎማቶች በማያልቅ ስብሰባ ተቀምጠው ሳለ፣ በ90 ደቂቃና በጥቂት ምቶች የተቋጨ ግጥሚያ ነበር ይህ፤ ጥላቻም አልነበረበትም፣ ኳስ ብቻ። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የነበሩ ሽማግሌዎች፣ ብሔራዊ ቡድን ያደረገውን የአንድ ዞን ክለብ ሲያደርገው ለማየት በቁ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ቀጣዩ ተጋጣሚ የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ነበር። ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 ተሸነፉ። በመልሱ ሐዋሳ ላይ 1 ለ 0 አሸነፉ፤ አንድ ጎል ብቻ ቀረቻቸው፤ አልመጣችም። ካይሮ ላይ ተሸንፈው ያለፉት፣ ሐዋሳ ላይ አሸንፈው ወደቁ። ዘመን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ፍርድ ካንተ በቀር ማን ይፈርዳል? ንቦቹን ከካይሮው መለያ ምት ይልቅ በዚያች ከሰዓት አከበርናቸው፤ እስከ መጨረሻው ፊሽካ አንዲቱን ጎል ፍለጋ ሮጠዋልና። ካዎ ጦና ቢያያቸው ኖሮ በስሙ መጠራታቸውን ባልነፈጋቸው ነበር።