ዝም የሚሉት የ«በርሰርክ» ገጾች

ብዙ የምናብ ዓለም ማንጋዎች (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪኮች) አስማቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ጀግናው ምን እንደተሰማው በየሣጥኑ ይተነትናሉ። ሥዕሉ የተናገረውን ጽሑፉ ይደግመዋል፤ ለአንባቢው የሚተርፍ ነገር የለም። ኬንታሮ ሚውራ ግን እ.ኤ.አ. በ1989 በጀመረው «በርሰርክ» ዓይናችንን ያምናል። ማብራሪያ ጨርሶ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ከባዱን ሰዓት ግን ለሥዕሉ ይተወዋል።

ለምሳሌ የሰይፎቹን ኮረብታ ትዕይንት ተመልከቱ። መሬት ላይ የተተከለው እያንዳንዱ ሰይፍ የወደቀ ጓድ መታሰቢያ ነው። ስንት ሰው እንዳለቀ ተራኪ መጥቶ አይቆጥርልንም። በሰይፎቹ መካከል የታሪኩ ጀግና ጋትስ ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ እነዚያን ጓዶች መሥዋዕት ያደረጋቸው ግሪፊዝ። የጋትስ የተቆረጠ ግራ ክንድና የጠፋ ቀኝ ዓይን ያለፈውን ሁሉ ይመሰክራሉ።

ሚውራ ብረቱን፣ ጨርቁን፣ ድንጋዩን በቀጫጭን የብዕር መስመሮች እያነባበረ ስለሣለ ዓይን መሮጥ አይችልም። በሁለት ገጽ የተዘረጋ ሥዕል ሲመጣማ እጄ መግለጡን ይተዋል። እሱ በ2021 ካረፈ በኋላ ወዳጁ ኮጂ ሞሪና ረዳቶቹ ታሪኩን ቀጥለዋል፤ አዲስ ምዕራፍ በወጣ ቁጥር አስቀድሜ የምፈልገው ቃል አልባዎቹን ገጾች ነው።