«ብዛት» ወይስ «አንጻራዊ መጠን»? በአንድ የሥነ ፈለክ ቃል አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሂስ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። «ፕላኔታዊ ኔቡላ» የሚለውን ስም ያወጣው ግን ዊልያም ኸርሸል ነው፤ በ1780ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቴሌስኮፕ ሲመለከታቸው ክብ መልካቸው ፕላኔትን ስለመሰለው ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ እነዚህ አካላት በማክተሚያ ዘመኑ ያለ ኮከብ የተፋው ጋዝ ናቸው። ቢሆንም ስያሜው ይለወጥ አንልም፤ አንባቢ አንድ ጊዜ ከተማረው ወዲያ አያሳስተውም።

የምንነቅፈው በኔቡላዎቹ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች የሚለኩበትን የእንግሊዝኛ ቃል፣ የመዝገበ ቃላት ፍቺውን ብቻ ተከትሎ «ብዛት» ብሎ መተርጐምን ነው። በአማርኛ «የከብት ብዛት» ሲባል ቁጥሩ ራሱን ችሎ ይቆማል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የሚሰጡት ቁጥር ግን ንጽጽር ነው፤ ሃይድሮጅንን 12 ብለው ሌላውን በሎጋሪዝም ከእርሱ ጋር ያነጻጽራሉ። የፀሐይ ኦክሲጅን 8.69 ነው ሲባል፣ ለአንድ ሚሊዮን የሃይድሮጅን አቶሞች 490 ያህል የኦክሲጅን አቶሞች ይገኛሉ ማለት ነው። የአንድ ኔቡላ ኦክሲጅን «ብዛቱ 8.39 ነው» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንባቢው ልዩነቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ነገር ግን የኔቡላው ኦክሲጅን፣ ከሃይድሮጅን አንጻር ሲታይ፣ የፀሐይን ግማሽ ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ «ብዛት» የተቆጠረ ነገር ያስመስላል። መጠኑ የሚሰላው ከብርሃን መስመሮች ጥንካሬ ነው። በ500.7 ናኖሜትር ላይ የሚታየው ደማቅ የኦክሲጅን መስመር ጥንካሬው ከጋዙ ሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ ሙቀቱም ይህን መስመር በ436.3 ናኖሜትር ላይ ካለው ደካማ መስመር ጋር በማነጻጸር ይታወቃል። ኤሌክትሮኖች ከአዮኖች ጋር ተመልሰው ሲዋሐዱ ከሚወጡት መስመሮች የሚሰላው ውጤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፤ በአንዳንድ ኔቡላዎች ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ ያልፋል። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንድ ንጥረ ነገር በአንድ ኔቡላ ውስጥ ሁለት «ብዛት» አለው ብሎ መጻፍ ግን ክርክሩን እንቆቅልሽ ያደርገዋል።

ስለዚህ «አንጻራዊ መጠን» የሚለውን እንመርጣለን። ቁጥሩ በሎጋሪዝም ሲሰጥ ይኸው ይገለጽ፤ የተሰላበት የመስመር ዓይነትም አብሮ ይጠቀስ። ስያሜው ረዘመ የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ማጠር መልካም ነው፤ ሆኖም ንጽጽሩን የሚያስቀር አጭር ቃል ለሳይንስ ጽሑፍ አይበቃም። የነገር ስም እንደ ወረስነው ቢቀጥል ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ የመለኪያን ቃል ግን ተርጓሚው ከቀመሩ ጋር ሳያስተያይ ሊያጸድቀው አይገባም።