የ«ንግሥተ ሳባ» እሳት ምርመራ፣ ከጣና ዳር ሲነበብ

ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ለንደን፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ ባዶውን ቆሞ ነበር። ጠዋት ከአዲስ አበባ ያመጣቸውን መንገደኞች ካወረደ ብዙ ሰዓት አልፎታል፤ ኤሌክትሪኩ ተቋርጧል፤ ውስጡ ማንም የለም። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ መቆጣጠሪያ ማማው ላይ የነበረ ሠራተኛ ከአውሮፕላኑ ጭስ ሲወጣ አይቶ የአደጋ ጥሪ አሰማ። የብሪታንያ የአየር አደጋ ምርመራ ቢሮ ያንን እሳት ከሁለት ዓመት በላይ ሲመረምር ቆይቶ ነሐሴ 2007 ዓ.ም. የመጨረሻ ዘገባውን አወጣ። እዚህ የምንመረምረው ያንን ዘገባ ነው።

የለንደን ምርመራ ለባሕር ዳር አንባቢ ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። ይህች ከተማ ትንሽ ነገር ትልቅ አውሮፕላን እንደሚጥል በሐዘን የተማረች ናት። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ የተነሣ ቦይንግ 737 ሞተሮቹ ውስጥ የእርግብ መንጋ ገብቶ ወደቀ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። የሚበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ለንደን ላይ እሳት ያስነሣው የዕቃ ዘር ዛሬ እያንዳንዳችን ቤት ገብቷል። ስልኩ፣ ፓወር ባንኩ፣ መብራት ሲጠፋ የሚበራው የሶላር ፋኖስ፣ ከዘጌ እስከ ደሴት ገዳማቱ በሌሊት የሚያዘው የእጅ ባትሪ፣ አብዛኛው የሚሠራው በሊቲየም ነው።

ዘገባው የሚተርከው ይህን ነው። ከአውሮፕላኑ ጅራት በኩል፣ ከጣሪያው በላይ፣ አደጋ ሲደርስ የወደቀበትን ቦታ በራዲዮ የሚጠቁም የሃኒዌል ኩባንያ መሣሪያ ተገጥሟል። ኃይሉን የሚያገኘው በተከታታይ ከተያያዙ አምስት የሊቲየም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ድንጋዮች ነው። የባትሪው ሽቦዎች ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ጥፋቱ በእሳቱ ቀን የተፈጠረ ሳይሆን ተደብቆ የቆየ ነው። ሽቦዎቹ ሾርት ሲያደርጉ ከአምስቱ አንዱ ድንጋይ ከሌሎቹ ቀድሞ ተሟጠጠ፤ ጋለ፤ ሙቀቱ ራሱን እያባሰ ሄደና ጎረቤቶቹን ተራ በተራ አቀጣጠለ። የተጨፈለቀው ሽቦ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ እንዳይዘጋ ስላደረገ ነበልባሉ በዚያው ክፍተት ወጣ። የአውሮፕላኑ አካል ከካርበን ፋይበርና ከሙጫ የተሠራ ነውና ሙጫው በሙቀቱ እየተበተነ ለእሳቱ ማገዶ ሆነ። የባትሪው ጉልበት ካለቀ በኋላም እሳቱ ጣሪያ ለጣሪያ ቀስ እያለ ቀጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በእጅ የሚያዝ የሃሎን ማጥፊያ ሞከሩ፤ አልበቃም። የጣሪያውን ሽፋን ገንጥለው በቧንቧ ውኃ ነው ያጠፉት።

በዘገባው ከሁሉ በፊት የማደንቀው የአስተሳሰቡን ቅደም ተከተል ነው። መርማሪዎቹ የጀመሩት ከቀላል ጥያቄ ነው፦ ኤሌክትሪክ በተቋረጠበት አውሮፕላን፣ ክፉኛ በተቃጠለው ቦታ፣ እሳት ሊያስነሣ የሚችል የራሱ ጉልበት ያለው ዕቃ የትኛው ነው? አንድ ብቻ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የመጣው አምራቾቹም የተሳተፉበት ረጅም ሙከራ ነው። መደምደሚያው ላይ ዘገባው «ሳይሆን አይቀርም» ይላል እንጂ «ነው» አይልም። ይህን እንደ ድክመት የሚቆጥር ይኖር ይሆናል። እኔ ክብሩ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ የቀለጠ ሽቦ ሙሉ ቃል አይሰጥምና። እኛ ዘንድ ሱቅ ወይም ቤት ሲቃጠል «በኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ኮንታክቱን ማን ፈጠረው፣ የቱ ሽቦ፣ የትኛው መከላከያ ሳይሠራ ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህ ዘገባ የሚጀምረው እኛ በምንዘጋበት ቦታ ነው።

የዘገባው ልብ ግን ስለ መከላከያው የሚናገረው ክፍል ነው። ያ ባትሪ መከላከያ ነበረው። ኃይል ሲበዛበት ግሎ የኤሌክትሪኩን መንገድ የሚያጠብ፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ የሚከፍት ትንሽ አካል ነው። መርማሪዎቹ ያገኙት ግን ይህ መከላከያ ንድፉ ያሰበውን ያህል ከሾርት አልጠበቀም። ሥራ የሚጀምርበት ነጥብ ተለዋዋጭ ነው፤ ቀዝቅዞ መልሶ መክፈቱም ምን እንደሚያስከትል ሲነደፍ በሚገባ እንደተመዘነ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። በድንጋዮቹ መካከልም ግድግዳ አልነበረም፤ ተጣብቀው እንደተሠሩ የሣር ጎጆዎች አንዱ ሲነድ ሌላው መዳኛ አልነበረውም። የዚህ ዓይነት መሣሪያ 6,000 ገደማ ተመርቶ በልዩ ልዩ አውሮፕላኖች ላይ ተገጥሞ ነበር፤ የሚፈለግበትን ፈተናም አልፏል። ፈተናው ግን እንዲህ ያለውን ብልሽት አልጠየቀውም። ስለዚህ «መከላከያ አለው» የሚለው ቃል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ መከላከያው የሚለካው ከሽቦው፣ ከክዳኑና ከገጠመው እጅ ጋር አብሮ ነው። ከዘገባው አንድ ነገር ብቻ ይዞ መውጣት ካለብን ይህ ነው።

ወቀሳ አለኝ። ዘገባው 14 የደኅንነት ምክሮች ይሰጣል፤ የሚናገረው ግን ከተቆጣጣሪዎችና ከአምራቾች ጋር ነው። ከአቪዬሽን አጥር አንድ እርምጃ አይወጣም። የቢሮው ሥራ የአየር አደጋን መመርመር ነው ብለው የሚከራከሩ እውነት አላቸው። ቢሆንም ስለ ባትሪው የተጻፉት ገጾች በየሰፈሩ ባትሪ ለሚጠግን ሰው ሁሉ የሚጠቅሙ ሆነው ሳለ፣ ከብዙ ቴክኒካዊ ዝርዝር ሥር ተቀብረው ቀርተዋል። ባለሙያ ያልሆነ አንባቢ እዚያ ሳይደርስ ይደክማል።

እኔ የማነበው ለዚያ ጠጋኝ ነው። በመጀመሪያ ልዩነቱን ላስቀምጥ፤ የአውሮፕላኑ ባትሪ ቻርጅ የማይደረግ ዓይነት ነው፣ የእኛ ፓወር ባንክና ፋኖስ ውስጥ ያለው ቻርጅ የሚደረገው ሊቲየም አዮን ነው። ኬሚስትሪው ይለያያል፤ የመከላከያው ትምህርት ግን ያው ነው። በብዙ የእጅ ባትሪዎች ውስጥ የሚገባው 18650 የሚባለው ድንጋይ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። መከላከያ የተገጠመለት ከዚያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ከኔጌቲቩ በኩል ትንሽ ቦርድ ተቀምጣ ቻርጅ ሲበዛ፣ ድንጋዩ ከመጠን በላይ ሲሟጠጥና ሾርት ሲያደርግ ትቆርጣለች። ነጠላ ድንጋይ ለሚበላ የእጅ ባትሪ የምመርጠው ይህን ነው። ከሞተ ላፕቶፕ ተፈልፍሎ የሚሸጠው ድንጋይ ግን ራቁቱን ነው፤ ጠባቂው ቦርድ የቀረው ላፕቶፑ ባትሪ ውስጥ ነው። ጥሩ ሆኖ የተሠራ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፣ ያለ አዲስ ቦርድ ግን ቤት አይግባ። ልባሱ ላይ 9,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ካዩም አይግዙት፤ በዚህ መጠን ምርጥ የሚባሉት ከ3,500 ብዙም አይርቁም። አቅሙን የዋሸ ሻጭ ስለ መከላከያው እውነት ይናገራል ብዬ አላምንም።

የአምስቱ ድንጋዮች ታሪክም እዚህ ይመለከተናል። አሮጌና አዲስ፣ ወይም የተለያየ ፋብሪካ ድንጋይ በአንድ መስመር ሲያያዝ ደካማው ቀድሞ ይሟጠጣል፤ ሌሎቹ ደግሞ በእሱ ውስጥ ጉልበታቸውን ማሳለፋቸውን ይቀጥላሉ። ለንደን ላይ ሳይሆን አይቀርም የተባለው ይኸው ነው። ክዳን ሲዘጋ ሽቦ አለመቆንጠጡን ማየትም ገንዘብ አይጠይቅም።

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ለሚበርር ሰው ዘገባው አንድ ተጨማሪ ነገር ይነግረዋል። የትላልቅ አውሮፕላኖች የጣሪያ በላይ ክፍል እንደ ደንቡ ጭስ ጠቋሚም እሳት ማጥፊያም የለውም፤ ያ እሳት በአየር ላይ ተነሥቶ ቢሆን ለአስተናጋጆቹ ከባድ ፈተና ይሆን ነበር። ፓወር ባንክ በእጅ ይያዝ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይግባ የሚባለውም በተመሳሳይ ሐሳብ ነው፤ የጋለ ዕቃ ሰው በሚያየው ቦታ ይሁን ነው ነገሩ።

ዘገባው ታላቅ ሥራ ነው፤ የጎደለው ወደ ሰፈር የሚያወርደው ሰው ብቻ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪዎችና መምህራን ስለ ባትሪው የሚናገረውን ክፍል በጥቂት ገጽ አማርኛ፣ ከሥዕል ጋር አውጥታችሁ በከተማው ላሉ የሞባይልና የሶላር ጠጋኞች አድርሱላቸው።